ሃያ ግራም

ፒያሳ ነው ሱቄ፤ ማለቴ፣ ነበረ፤
ግንቡ ከተነሣ ክረምት ተሻገረ።
ዛሬ ቸርችል ቁልቁል፣ ከፎቅ ሥር በጓዳ፣
ሚዛኔን ዘርግቼ አለሁ እንደ እንግዳ።

የአንገት ሐብል ሠሪ ነኝ። አርባ ዓመት ሙሉ
ስንቱን አንገት ለካሁ፣ በክሩ በውሉ፤
የሙሽራይቱን፣ የአማቷን፣ የእኅቷን፣
ማተቧን አንሥታ ስትሰጠኝ አንገቷን።
ከቆዳው በታች ግን ምን እንዳለ ከቶ
አላሰብኩም ነበር፤ ማን ያስባል ገብቶ?

አንድ ቀን፣ ብየዳ ላይ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ፤
ቀለበቱ ቀልጦ ከእሳቱ ሰመጠ።
ለማጁ ኑረዲን ዐይኑን ሰበረልኝ፤
‹ነፋስ ነው› አልኩ ለራሴ። ነፋስም መሰለኝ።

በሐምሌ ብርድ ላቤ ሸሚዜን አራሰኝ፣
ድስቱን ጠርጌ በልቼ ርሃቡ መለሰኝ፤
ቀበቶዬን ሦስቴ በሚስማር በሳሁት፣
ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ጣሪያ ቆጥሬ አነጋሁት።

ሰው መቼ ወሬ አጥቶ! ‹ጫት ጀምሯል› አሉ፤
‹ሱቁ ፈርሶበት ነው እንዲህ መክሰሉ።›
‹በእንቅርት ላይ ጆሮ…› ብሎ መርሻ ተረተ፤
ሳያውቀው፣ ከሐኪም በፊት፣ በሽታዬን አመለከተ።
ባለቤቴ ስመኝ፣ ‹ፍቅር ይዞህ እንደሁ
ንገረኝ› አለችኝ። በስልሳ ዓመቴ — ሳቅሁ።
ዐይኔ ግን ፈጠጠ። ከሱቁ መስታወት
አንድ ሰው ያፈጣል፣ ብድሩን የካድሁት።

ጥቁር አንበሳ ሄድሁ። ከፊቴ የነበሩት፣ ከጨንቻ የመጡት፣
እንቅርታቸውን በነጠላ የሸፈኑት፣
‹ምንህን ነው?› ቢሉኝ፣ እጄን ዘረጋሁ፤
የወረፋ ቁጥሬ ሲርገበገብ አየሁ።
‹እጅ ለአንገት ሐኪም! ጉድ ሳይሰማ አይጠባም›
ብለው ሳቁ። ሳቁም ከእንቅርቱ አልፎ አይወጣም።

ዶክተር ሕሊና ከኋላ ዳሰሰች አንገቴን፤
‹ዋጥ› አለች፤ ዋጥሁላት ምራቄን፣ ፍርሃቴን።
‹እዚህ ቢራቢሮ አለች፣ ክንፏን የዘረጋች፤
ከአንጎል ሥር ካለች አተር ትእዛዝ ትጠብቃለች።
ዛሬ አተሯ ‹በቃሽ› ብትል፣ ጆሮ ነሥታታለች፤
ከራስህ ደም የወጣ ሐሰተኛ ደጇን ያንኳኳል፣
‹ጨምሪ፣ ጨምሪ› ይላታል።›

‹ስንት ትመዝናለች?› አልኳት። ልማድ አይለቅ።
‹ሃያ ግራም ያህል።›
                    እኔ ነኝ የማውቅ
የሃያን ግራም ልክ፣ ዐይኔን ጨፍኜ፤
ለልጄ ሠርግ ሐብል በዚያ ልክ መዝኜ
አጥልቄላታለሁ። ለካስ ቀድሞ ኖሯል
ሌላ ሃያ ግራም፣ ከአንገቷ ውስጥ ታስሯል፤
ወናፍ ያልነፋበት፣ መዶሻ ያልነካው፣
ከጨው ውስጥ ጭላጭ ለቅሞ እሳት የሚለካው።

ሌሎችም አሉ አለች፤ ኩላሊት ላይ እንደ ቆብ የተደፉ፣
ሚኒባስ ሲስትህ በደምህ ውስጥ ጡሩምባ የሚነፉ።
ቧንቧ የላቸውም፤ ደም ላይ ጥለውት ነው መልእክት የሚልኩ፣
የሚመለከተው እስኪያነሣው ድረስ፣ የማንንም በር ሳያንኳኩ።

ሁለት ወር ኪኒኑን ቆጥሬ ዋጥኩኝ።
ቀበቶዬ ጠበበ። እንቅልፍ ጎበኘኝ።
ስመኝ ከፋት መሰል፤ ‹ፍቅር አይደለማ!›
ብላ ጣቴን ያዘች፣ መርጋቱን ልትሰማ።

እኚያ የጨንቻ እናት ግን ለጥቅምት ነው ቀጠሯቸው፤
ቢላ ይጠብቃቸዋል። ሐብል ልሠራላቸው
በዐይኔ ለክቻለሁ፣ ጠባሳው ላይ የሚያርፍ፣ ቀላል፤
ዋጋው? ያ የወረፋው ሳቅ ይበቃል።

ትናንት ማታ፣ ብየዳ ላይ፣ ነበልባሉ ሰላ፤
የቀለበቷን ጫፍ ገጠምሁ፣ አንዲት ፀጉር ሳትላላ።
ኑረዲን ከወንበሩ አጎንብሶ ከረመ፤
ቀና አለና፣
            ‹ጋሼ፣ ነፋሱ ቆመ?›